ከአከርካሪ ክፍተት ጋር የሚወለዱ ልጆችን ኩላሊት ያተረፈችው ቀጭን ቱቦ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸናችሁ? ጥያቄው ነውር ይመስላል፤ ግን የምሬን ነው። ምናልባት ሦስት፣ ምናልባት አምስት ጊዜ። እርግጠኛ የሆነ ሰው ብዙ አይኖርም፤ ማን ይቆጥረዋል? የማንቆጥረው ነርቮቻችን ስለሚቆጥሩልን ነው። ፊኛ ሲሞላ መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል «ቆይ፣ መጀመሪያ ደወሉ ይደወል» ብሎ ይመልሳል። መጸዳጃ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ሁለት ነገር እኩል ይሆናል፦ የፊኛው ግድግዳ ይጨመቃል፣ ከሥሩ ያለው የጡንቻ በር ይከፈታል። መጨመቅና መከፈት፣ በአንድ ጊዜ። ይህችን ያዙልኝ፤ የዛሬው ታሪክ የሚሽከረከረው እሷ ላይ ነው።

ይህን ሥራ የሚያቀናጁት ነርቮች የሚወጡት ከአከርካሪያችን የታችኛው ጫፍ ነው። አንዳንድ ልጆች ግን ልክ እዚያ አካባቢ አከርካሪያቸው ሳይዘጋ ይወለዳሉ። ነገሩ የሚጀምረው በጣም ቀድሞ ነው፤ ፅንሱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ ብዙ ጊዜ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። በዚያን ሰዓት ወደፊት አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ነገር ጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ ነው። ንጣፉ ልክ እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ ቱቦ መሆን አለበት። ጥቅሉ የሆነ ቦታ ላይ ሳይገጥም ከቀረ ከላዩ ያለው አጥንትና ቆዳም አይዘጋም፤ ነርቮቹ ተጋልጠው ይቀራሉ። ሐኪሞች ስፓይና ባይፊዳ ይሉታል፤ በላቲን «የተሰነጠቀ አከርካሪ» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የአምስተርዳም ሐኪም ኒኮላስ ቱልፕ ነው። ሬምብራንት በ1632 በሣለው ዝነኛ ሥዕል ላይ ሬሳ እያሳየ የሚያስተምረው ባለ ባርኔጣ ሰውዬ እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቱልፕ በኋላ ለ300 ዓመት ያህል ስለነዚህ ልጆች የሚባል ብዙ ነገር አልነበረም፤ አብዛኞቹ በጨቅላነታቸው ይሞቱ ነበር። አንዳንዶቹን ክፍት በሆነው ጀርባቸው የሚገባ ኢንፌክሽን ይገድላቸዋል፣ ሌሎቹን ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ። የኋለኛውን መንገድ የቀየረው ሐኪም እንኳ አልነበረም፤ ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነው። ልጁ ኬሲ በ1955 ከዚሁ ችግር ጋር ተወለደ። አባትየው የልጁ ጭንቅላት በየጊዜው በመርፌ ሲቀዳ ማየት አልችል ብሎ ፈሳሹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ የሲሊኮን ቫልቭ ሠራ። ቫልቩ ለብዙ ሺህ ልጆች ደረሰ።

ልጆቹ መኖር ጀመሩ። ሲኖሩ ደግሞ ቀድሞ ተራ ያልደረሰው ሌላ ገዳይ ብቅ አለ፦ ኩላሊት።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ያቺ የመጨመቅና የመከፈት ስምምነት ተበላሽታለች። በብዙዎቹ ልጆች ፊኛው ይጨመቃል፤ በሩ ግን አይከፈትም፣ እንዲያውም ይብሱን ይጠብቃል። የበሯን ቁልፍ ሳትከፍቱ በትከሻችሁ እንደምትገፏት አስቡት። ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከኩላሊት በሚወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች አድርጎ ኩላሊቱን ራሱን ይጫናል። የቀረው ሽንት ደግሞ እንደ ኩሬ ውሃ ተኝቶ ጀርም ያራባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ላያመው ይችላል፤ ሕመሙን የሚያስታውቁት ነርቮችም እኮ ተጎድተዋል። አንዳንዴ ችግሩ የሚታወቀው ኩላሊቱ አብዛኛውን አቅሙን ካጣ በኋላ ነው።

መፍትሔው ላይ ለመድረስ ወደ ወታደሮች ዞር ማለት አለብን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ህብለ ሰረሰሩ የተመታ ወታደር ብዙ ጊዜ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። በ1944 ሉድቪግ ጉትማን የተባለ፣ ከናዚ ጀርመን ያመለጠ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፈተ። ጉትማንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በስፖርት ነው፤ በ1948 ለታካሚዎቹ ያዘጋጀው ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ ሆነ። እኛ ኢትዮጵያውያንም ቦታውን እናውቀዋለን። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ የታከመው ስቶክ ማንደቪል ነው። በ1970 እዚያው በተደረገው ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተወዳድሯል።

ጉትማን በስፖርቱ የሚታወቀውን ያህል በሽንት ሥራው አለመታወቁ ያሳዝነኛል፤ ከቀስቱ በፊት ሰዎቹ በሕይወት መቆየት ነበረባቸው። የጉትማን ዘዴ ቱቦ ፊኛ ውስጥ ትቶ መሄድ ሳይሆን በየተወሰነ ሰዓት ቱቦ አስገብቶ፣ ሽንቱን አፍስሶ፣ መልሶ ማውጣት ነው። ቱቦ ማስገባት ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። የሮማውያን የነሐስ ካቴተር በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ከፖምፔይ ተቆፍሮ ወጥቷል። አዲሱ ነገር ሥርዓቱ ነበር። ጉትማን ሁሉም ነገር ፍጹም ከጀርም የጸዳ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ጓንት፣ የተቀቀለ መሣሪያ፣ ቱቦውን በእጅ አለመንካት፣ ሥራውንም ራሱ ሐኪሙ እንዲሠራው። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ግን አስቡት፤ ሕፃን ልጅ ያላት እናት በቀን አምስት ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ይህን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ዘዴው ከሆስፒታል በር ሳይወጣ ቀረ።

ልጆቹስ? የሚቀርብላቸው ከባድ ቀዶ ሕክምና ነበር። አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከር በ1950 ባስተዋወቀው መንገድ ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ተወስዶ የኩላሊቱ ቱቦዎች ከእሱ ጋር ይሰፋሉ፤ ሽንቱ ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደተለጠፈ ከረጢት ይፈስሳል። በዚህ የዳኑ ብዙ ልጆች አሉ፤ ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ የአንዳንዶቹ ኩላሊት እዚያም ሆኖ እየተጎዳ መጣ። ከረጢቱ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ጃክ ላፒደስ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነበር። የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ጀርም ሁልጊዜም አለ፤ ታዲያ ለምን አንዳንዱ ፊኛ ይታመማል፣ አንዳንዱ አይታመምም? ሲያስበው መልሱ ያለው ጀርሙ ላይ ሳይሆን ፊኛው ላይ መሰለው። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ፊኛ ግድግዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይጨቆናሉ፣ ደም በደንብ ያልደረሰው ግድግዳ ራሱን መከላከል ያቅተዋል። ባዶ የሚደረግ ፊኛ ግን ደም ያገኛል፣ ጥቂት ጀርም ቢገባበትም ይቋቋመዋል። ይህ ትክክል ከሆነ ዋናው ነገር ቱቦው የተቀቀለ መሆኑ አይደለም፤ ፊኛው ሳይለጠጥ ቶሎ ቶሎ መፍሰሱ ነው።

በ1971 ላፒደስ ሽንቷ የሚያስቸግራትን አንዲት ሴት ታካሚ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ቱቦውን አጥባ፣ ራሷ ለራሷ እንድታደርገው አስተማራት። ጓንት የለም፣ ቅቀላ የለም። በ1972 ውጤቱን አሳተመ፤ ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዷ ለታካሚዎች ታስተምር የነበረችው ነርስ ሎው ናት። (ነርሶች በሐኪሞች ጽሑፍ ላይ ስማቸው እምብዛም በማይወጣበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ።) የሙያ ባልደረቦቹ ደነገጡ። ከጀርም የጸዳ ያልሆነ ዕቃ ሰው ፊኛ ውስጥ? ለ100 ዓመት ሕክምና የተማረውን ሁሉ የሚያፈርስ መሰላቸው። ነገር ግን ታካሚዎቹ እየተሻላቸው ሄደ፤ ብዙ ሳይቆይ የስፓይና ባይፊዳ ልጆች ወላጆችም ዘዴውን መማር ጀመሩ። ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ይጠይቅ የነበረው ሥራ ወደ እናት እጅ፣ ከዚያም ወደ ልጁ ወደ ራሱ እጅ ወረደ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር። የየትኛው ልጅ ኩላሊት ነው አደጋ ላይ ያለው? በ1981 ኤድዋርድ መጉዋየርና ባልደረቦቹ 42 ልጆችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። የለኩት ፊኛው ሲሞላ ሽንቱ በራሱ መንጠባጠብ የሚጀምርበትን ግፊት ነው። ግፊቱ የሚለካው በውሃ ቁመት ነው፤ ረጅም ቱቦ አቁማችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብትሞሉበት ከታች የሚሰማው ጫና ማለት ነው። ከ40 በታች የሚያንጠባጥቡት ልጆች ኩላሊታቸው በአብዛኛው ደህና ነበር። እስከ 40 ድረስና ከዚያም በላይ የሚይዙት ግን አብዛኞቹ ከኩላሊት የሚወርዱት ቱቦዎቻቸው ተለጥጠው፣ ሽንታቸው ወደ ላይ እየተመለሰ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ነገሩ ከምንገምተው ተቃራኒ ነው። ሁልጊዜ ልብሱ የሚረጥበው ልጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያዝንለትና እናቱ የምትሳቀቅበት ልጅ፣ ማንጠባጠቡ እንደ ድስት ትንፋሽ ማውጫ ኩላሊቱን ሲያተርፍለት ሊሆን ይችላል። ልብሱ ደረቅ የሆነው፣ «እሱስ ደህና ነው» የሚባለው ልጅ ደግሞ ፊኛው እንደተከደነ ድስት ግፊት እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ዓይን የሚያየው እርጥበቱን ነው፤ ኩላሊት የሚጎዳው በግፊቱ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ሐኪሞች ሽንት እስኪያስቸግር አይጠብቁም፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ኩላሊቱን በአልትራሳውንድ ያያሉ፣ መሣሪያው ባለበት ግፊቱን ይለካሉ፣ ካስፈለገ ቱቦውን ከጨቅላነቱ ያስጀምራሉ። ፊኛውን የሚያላላ ኦክሲቡታይኒን የሚባል መድኃኒትም ይታከልበታል። ቱቦ የሚያስገባ ሰው በሌለበት ደግሞ ከእምብርት በታች ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ሽንቱ በቀጥታ ወደ ዳይፐር እንዲፈስ ይደረጋል፤ አያምርም፣ ግን ኩላሊት ያድናል። ፈረንሳዊው ፖል ሚትሮፋኖፍ በ1980 ያሳተመው ሐሳብ ከሁሉ ይገርመኛል፦ ትርፍ አንጀትን ወስዶ ከፊኛ ወደ ሆድ ቆዳ የሚያደርስ ቱቦ መሥራት። ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ልብሷን ሙሉ በሙሉ ሳታወልቅ በእምብርቷ በኩል ፊኛዋን ባዶ ታደርጋለች።

ይህ ሁሉ የሚሺጋንና የእንግሊዝ ታሪክ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ ቁጥሩን እንመልከት። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች 126ቱ ላይ የነርቭ ቱቦ አለመዘጋት አግኝቷል። በትግራይ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2019 የታተመው ደግሞ 131። ቁጥሩ ውስጥ በሕይወት ያልተወለዱትም፣ የራስ ቅላቸው ያልተሠራውም አሉበት፤ ከሆስፒታል የተገኘ ስለሆነም መላውን አገር አይወክልም። ያም ሆኖ ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ በሚያበለጽጉ አገሮች ቁጥሩ ከ10,000 አሥር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በ1991 የታተመው ትልቅ የእንግሊዝ ሙከራ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ እንደገና የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። ጥሩ ነው። ግን ሐዲያና ከምባታ ገጠር ውስጥ ከጓሮ እንሰት ቆጮ ጋግሮ የሚበላ ቤት የፋብሪካ ዱቄት ምን ያህል ይነካል? ባለሙያዎች ጨውን ማበልጸግ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጨው የማይገዛ ቤት የለም።

የተወለዱትን ልጆች በተመለከተ የእኛም ታሪክ እንደ አሜሪካኖቹ ደረጃ በደረጃ ነው የመጣው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ሙያተኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ የሚገኙትም አዲስ አበባ። በዚያ ዘመን ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ለተወለደ ሕፃን ጀርባውን የሚዘጋለት ልዩ ሐኪም ያለው ወደ 230 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ነበር፤ ጀርባው ደግሞ ቢቻል በተወለደ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መዘጋት አለበት። ዛሬ እንደ ዘውዲቱ ያሉ ሆስፒታሎች እነዚህን ልጆች በብዛት ያክማሉ። ሆሳዕናም የክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች፤ የሐዲያዋን ንግሥት እሌኒን ስም የያዘው ሆስፒታሏ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው።

እንግዲህ አሁን የደረስንበት ቦታ አሜሪካኖቹ በ1960ዎቹ የነበሩበትን ይመስላል፦ ልጆቹ እየዳኑ ነው፣ ተራው የኩላሊት ነው። ወላጆች ሐኪሙን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይራመዳል ወይ?» ብለው ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? የጀርባው ቁስል ሲድን ሕክምናው ያለቀ ይመስላል። ፊኛው አይታይም፣ ስለ ሽንት ማውራትም ያሳፍራል። የሚገርመው በሽንት ማፍሰስ የተገፉ ሰዎችን በማከም ዓለም ከሚያውቃቸው አገሮች አንዷ እኛ መሆናችን ነው፤ ካትሪንና ሬጅናልድ ሀምሊን በ1974 አዲስ አበባ የከፈቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ቅርንጫፉ ይርጋለምም አለ። ሁለቱ ችግሮች ግን አንድ አይደሉም። ፌስቱላ ላይ ችግሩ ቀዳዳው ነው፣ ይሰፋል። እዚህ ችግሩ የማይከፈተው በር ነው፣ በየቀኑ በእጅ መከፈት አለበት።

በየቀኑ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ሆሳዕና የምትማር የሰባት ዓመት ልጅ አለች እንበል። የአንድ ልጅ ፊኛ ምን ያህል እንደሚይዝ ለመገመት ሐኪሞች ዕድሜው ላይ አንድ ደምረው በ30 ያባዛሉ፤ ለእሷ 240 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የእሷ ፊኛ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ኩላሊቷ በሰዓት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቢያመርት በአራት ሰዓት ውስጥ ከ80 እስከ 160 ይጠራቀማል። «በየሦስት አራት ሰዓቱ» የሚለው መመሪያ ከዚህ ዓይነት ሒሳብ ጋር ይገጥማል። ቱቦዋ ቁጥር 10 ከሆነች ውፍረቷ 3 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፤ ቁጥሩ ለሦስት ሲካፈል ሚሊ ሜትሩን ይሰጣል፤ መለኪያውን ያወጣው ሻሪየር የተባለ የፓሪስ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ነው። ልጆች ራሳቸው ማድረግ የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ዕድሜ ገደማ ነው። ሴት ልጅ መጀመሪያ በመስታወት እያየች ትለማመዳለች፣ በኋላ በዳሰሳ ይለምድላታል። ቱቦው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። በእርግጥ ይህን ከጽሑፍ ሳይሆን ከሠለጠነ ነርስ ነው መማር የሚገባው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ስፓይና ባይፊዳ ያለባቸው ልጆች ከሌላው ሰው ይልቅ ለላቴክስ ጎማ አለርጂክ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ጓንቱም ቱቦውም ከሌላ ነገር የተሠራ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ቱቦ ስንት ጊዜ ይታጠባል? አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን እስከ 2008 ድረስ ለብዙዎቹ ታካሚዎች በወር የሚከፍለው ለ4 ቱቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 200 ድረስ ፈቀደ፣ አንዱን አንዴ ተጠቅሞ ለመጣል። እስካሁን የተደረጉት ንጽጽሮች ግን የሚጣለው ከሚታጠበው እንደሚበልጥ በማያሻማ መንገድ አላሳዩም። እኔ ብጠየቅ 200 ቱቦ የሚገዛ ቤት ይግዛ፤ 4 ብቻ ያለው ደግሞ «ካልተቀቀለ አይሆንም» ተብሎ ከእነጭራሹ እንዳይተው እላለሁ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በፈረቃ የምትማር ከሆነ ጠዋት ከቤት ስትወጣ አድርጋ፣ ስድስት ሰዓት አልፎ ስትመለስ መድገም ትችላለች፤ ቤቷ ቅርብ ከሆነ። ሙሉ ቀን ከሆነ ግን ቢያንስ አንዴ ትምህርት ቤት ውስጥ ማድረግ አለባት። አሥር ደቂቃ ይበቃታል። የሚያስፈልጋት የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ ዕቃዋን የምታስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ፣ «የት ልትሄጂ ነው?» እያለ በክፍሉ ፊት የማይጠይቃት መምህር፣ እና ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ያለው የመጸዳጃ ቤት በር ነው።